የጆሮ መስሚያ አድርጎ የተራራ ሳይክል፦ ቁልቁለት ላይ ይውለቅ ወይስ ይቆይ?

ጭቃሹም | እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። እንጦጦም ሆነ ሌላ ጋራ ላይ ሳይክል የሚነዳ፣ ጆሮው ላይ መስሚያ የሚያደርግ ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነው። ሁለቱም ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ከበድ ይላል። በቅርቡ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠውን፣ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ የሚገባለትን ዓይነት አሠራሁ። ቢሮም ቤትም ተመችቶኛል፤ እሰይ ነው። ሳይክል ላይ ግን ጉዱ ፈላ። ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስወጣ ምንም አይል። ወደ ታች ስለቀው ግን ንፋሱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይሆንብኛል፣ ሌላ ነገር አያሰማኝም። የሄልሜቱ ማሰሪያ ጠጋ ሲለው ደግሞ ያፏጫል።

አንዱ ጓደኛዬ «አውልቀህ ኪስህ ክተተው» ይለኛል። ሌላው «አብደሃል? ከኋላ የሚመጣውን በምን ልትሰማ ነው?» ይላል። ዋጋው ከሳይክሉ ስለሚበልጥ ባህር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ከጠፋ አለቀልኝ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የጉለሌ ልጅ | እሑድ ማታ

እኔ ከአውላቂዎቹ ወገን ነኝ። ዳገቱን አድርጌው እወጣለሁ፤ ከሰው ጋር ወሬ አለ፣ ላይ ስንደርስ ሻይ ማዘዝ አለ። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል አውልቄ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሳጥኑን ደረት ኪሴ ውስጥ፣ ዚፑን ዘግቼ ልቀቀው ነው። ፍጥነት ከጨመርክ በኋላ የምትሰማው ንፋስ ብቻ ነው፤ ንፋስ ለመስማት ብዬ ያን ያህል ብር ጫካ ውስጥ አልበትንም። ጫጫታው ሲቀር ደግሞ ዓይኔ ይነቃል፣ እጄም ፍሬኑ ላይ ይረጋጋል።

እንዲያውም መስማት የተሳናቸው ስፖርተኞች በሚወዳደሩበት ዴፍሊምፒክስ ደንቡ ራሱ ውድድር ላይ መስሚያ ማድረግ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቶኪዮ ስታዘጋጅ የተራራ ሳይክልም ነበረበት፣ እዚያው ጃፓን ኢዙ ላይ። ሁሉም ያለ መስሚያ ነው የነዱት። እነሱ ከነዱ እኛ ምን አነሰን?

ቨርጂኒያ ጫካ | ሰኞ ጠዋት

የጉለሌ ልጅ፣ ወንድሜ፣ የኢዙው እኮ ዝግ መንገድ ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ቴፕ ታጥሯል፣ ዳር ዳር ሰው ቆሟል። እንጦጦ ላይ መታጠፊያውን ስትጨርስ አህያ ከነጭነቷ ቆማ ትጠብቅሃለች። ሁለቱን አታወዳድር።

እኔ ሁለቱም ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምነዳው፤ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ውስጥ ፋውንቴንሄድ የሚባል ፓርክ አለ። የሳይክሉ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚመጣብህ የለም። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ይሄ ግማሽ እረፍት ነው። ዴንቨር ያለው የአጎቴ ልጅ የሚነዳበት ሴንቴኒያል ኮን የሚባል ፓርክ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ቀን ይከፋፈላል፦ ቀኑ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ የሳይክል፣ ጎዶሎ ከሆነ የእግረኛ። እንደዚህ ዓይነት ቦታ የምታገኙ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ምረጡ፤ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ችግሬ ከኋላ የሚመጣው ነው። እዚህ ሊቀድሙህ ሲሉ «በግራህ ነኝ» ብለው ይጮሃሉ። ካልሰማህ ደግመው ይጮሃሉ፤ ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ይቀየራል፣ ሆን ብለህ የዘጋህባቸው ይመስላቸዋል። የጀርባ ቦርሳዬ ላይ «መስማት ይከብደኛል፣ ቦታ ሲሰፋ እለፉኝ» የሚል አንጸባራቂ ጨርቅ ሰፋሁበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ትሑት ሆነልኝ። አንዳንዱ እንዲያውም ሲያልፈኝ እጁን አውለብልቦ ነው የሚሄደው።

ጆሮ ጠጋኝ | ሰኞ ከሰዓት

ሥራዬ መስሚያ መግጠምና ማስተካከል ነው። ሳይክል አልነዳም፤ ስለዚህ ስለ ጎማና ፍሬን አትጠይቁኝ። ግን ሁለታችሁም የምትከራከሩበት ጫጫታ አብዛኛው የሚስተካከል ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እያንዳንዱ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ መስሚያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማይክ አለው። ጫጫታ ሲሰማ በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ያተኩራል፣ ከኋላ የሚመጣውን ይቀንሳል። ይህ ለምግብ ቤት ነው የተሠራው፤ ፊት ለፊትህ የተቀመጠውን ሰው እንድትሰማ። ሳይክል ላይ ግን ቀልባችሁ ያለው ከኋላ ነው። መሣሪያው በትክክል የማትፈልጉትን እያደረገላችሁ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የማያቋርጥና ወጥ የሆነ ድምፅን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይጫነዋል። ጎማ ኮረት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ለመሣሪያው ከአየር ማቀዝቀዣ ጩኸት ብዙም አይለይም። የሌላ ሰው ሳይክል ሲቀርብ የሚሰማው ደግሞ ያው የጎማ ድምፅ ነው።

ንፋሱን በተመለከተ፦ የምትሰሙት ጩኸት ከሩቅ የመጣ ድምፅ አይደለም። አየሩ ማይኩ አፍ ላይ ሲሽከረከር እዚያው ይፈጠራል፣ መሣሪያው ያጎላዋል። ወደ ፊት ያተኮረ ማይክ ከሁሉም አቅጣጫ ከሚሰማው ይልቅ በንፋስ ይብሳል። ስለዚህ የገጠመላችሁን ባለሙያ እንዲህ በሉት፦ «ለሳይክል የተለየ ፕሮግራም አስገባልኝ። ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ ይስማ፣ የንፋስ መቀነሻው ከፍ ይበል፣ የጫጫታ መቀነሻው ዝቅ ይበል።» በመሣሪያው ቁልፍ ወይም በስልክ ትቀይሩታላችሁ። ንፋሱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ማንም ያጠፋልሃል ቢላችሁ አትመኑት።

ፉጨቱ ሌላ ነው። ጆሮ ውስጥ የገባው ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣና ማሰሪያው ላይ ነጥሮ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ አንድ ቁጥር ማሳደግ ወይም በጆሮ ልክ የተሠራ ሞልድ ማድረግ ይረዳል። ግን ጆሮ በተዘጋ ቁጥር የራስን ድምፅ መስማት ይጀምራል፤ ዳገት ላይ የራሳችሁ ትንፋሽ እስኪሰለቻችሁ ትሰሙታላችሁ።

ጭቃሹም | ሰኞ ማታ

ጆሮ ጠጋኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ስገዛ ይህን ያለኝ ሰው የለም፤ «ልበሰውና ሂድ» ነው የተባልኩት። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ዳገቱ ላይ በጣም ሲያልበኝ የቀኙ ድንገት ይጠፋል። አውጥቼ በሸሚዜ ስጠርገው፣ ትንሽ ስቆይ ይመለሳል። ባትሪው ገና አዲስ ነው። ተበላሽቶ ነው?

ጆሮ ጠጋኝ | ሰኞ ማታ

የሚጣል ባትሪ ከሆነ አይደለም። ዚንክ ባትሪው የሚሠራው አየር እየሳበ ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለዚያ ናቸው። ላብ ሲደፍናቸው አየር ያጣል፣ መሣሪያውም ይዘጋል። ስትጠርገው አየር አገኘ፣ ተነሳ። አዲስ ባትሪ ስትከፍትም ተለጣፊውን ልጠህ ወዲያው አታስገባ፤ ትንሽ አየር ይቅሰም።

ላብ ግን ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨው አለበት። ባትሪው የሚነካው ብረት ላይ አረንጓዴ ነገር ካየህ ዝገት ነው። ከነዳህ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ የባትሪውን በር ክፈትና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አሳድረው። ሩዝ ውስጥ አትቅበረው እባክህ፤ ስልክ ላይም አልጠቀመም፣ እዚህ ደግሞ ዱቄቱ ማይኩን ይደፍንልሃል። የፀጉር ማድረቂያም አይነካውም። ወደፊት የምትገዛ ከሆነ በቻርጅ የሚሠራውንና አይፒ 68 የተጻፈበትን ጠይቅ። ስድስቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፣ ስምንቱ ደግሞ አምራቹ በወሰነው ጥልቀትና ጊዜ ውሃ ውስጥ ተፈትኗል ማለት ነው። የሚፈተነው ግን በንጹህ ውሃ ነው፤ ላብ ላይ መጥረጉ አይቀርም።

ጋሽ ካቴና | ማክሰኞ ጠዋት

ልጆች፣ በመካከላችሁ ገባሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጆሮዬም አብሮ ገፍቷል፤ ሳይክሉን ግን አልተውኩም። አሞርዛተር የሚባል ነገር ሳይኖር ጀምረን ነው እዚህ የደረስነው።

አውልቁ አታውልቁ ትላላችሁ። እኔ የምለው፦ ጆሯችሁ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ቁልቁለት ላይ በጆሮ አትነዱም። እንጦጦን ታውቁታላችሁ፤ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የተሠራው መንገድ አለ፣ ከዚያ ውጭ ግን ያው የድሮው የእግር መንገድ ነው። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዱበታል። ጭነቱ በጀርባቸው አግድም ነው፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዘጋል፤ አንገታቸው ወደ መሬት ነው፣ ዞር ብለው ማየት አይችሉም። እዚያ ጋ መስማት ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ አንተ አይደለህም። መሪህ ላይ ጥሩ ቃጭል አድርግ፣ ከሩቅ ምታ፣ ከዚያ ቁም። አልፈው ይሂዱ። እግርህን መሬት አስነክተህ «እንደምን ዋሉ» ብትል ምን ይቀርብሃል?

ሁለተኛው ነገር ስፖኪዮ። ወጣቶቹ ታፍሩበታላችሁ፤ የአያት ሳይክል ያስመስላል ትላላችሁ። የመሪው ጫፍ ላይ የሚገባ ትንሽ ክብ መስታወት አለ። ጫካው ውስጥ ሲነቃነቅ ብዙ አያሳይም፣ እውነት ነው። አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ከኋላ ሲመጣ ግን ያየሁት በእሱ ነው እንጂ በመስሚያው አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሐኪሜ እንደነገረኝ ሚዛን የሚጠብቀው አካል ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ ከሚሰማው አካል ጋር ጎን ለጎን ነው። አንዳንዱ ሰው መስማቱ ሲጎዳ ሚዛኑም አብሮ ይጎዳል። ቀን ቀን ዓይን ይሸፍንለታል፣ አይታወቀውም። ሲመሽ ነው የሚጋለጠው። እኔ ከ11 ሰዓት በኋላ ቁልቁለት አልጀምርም፣ ማንም ቢለምነኝ።

የጉለሌ ልጅ | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሁሉ ያለ መስሚያም ይሠራል እኮ። ቃጭል፣ ስፖኪዮ፣ ቀን በቀን መውረድ። ታዲያ ለምን ይቆይ?

ጋሽ ካቴና | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ልጄ፣ ስትወድቅ «ደህና ነህ ወይ?» የሚልህን ሰው ለመስማት።

የነጂው ሚስት | ማክሰኞ ማታ

ጋሽ ካቴና አፌን ነጠቁኝ። ባለቤቴ ነው መስሚያ የሚያደርገው፣ እኔ ጤነኛ ጆሮ አለኝ፤ አብረን እንነዳለን። የሚያወልቀውን ሰው ከኋላው ሆናችሁ ብታዩት ሐሳባችሁን ትቀይሩ ነበር። ውሻ ከግቢ ወጥቶ ሲያሯሩጠው እኔ ከኋላ እየጮህኩ፣ እሱ ምንም ሳያውቅ፣ ውሻው እግሩ ሥር! አንዴ አየሁ፣ በቃኝ። አሁን ያደርጋል።

እኛ የተስማማነው የአሰላለፍ ነገር ነው። ብዙ ሰው መስማት የሚከብደውን መጨረሻ ያደርገዋል፤ ከኋላው ማንም አይመጣም ብሎ። ግን መጨረሻ ላይ ከወደቀ ማን ያያል? መሪ ካደረጋችሁት ደግሞ ከኋላ «ቁም፣ ጎማ ተነፈሰ» ሲባል ጥሎ ይሄዳል። ከመጨረሻው ሰው ፊት፣ ከኋላ ሲቆጠር ሁለተኛው ይሁን። ከኋላው የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያም ሰው የታወቀ ይሁን፣ ከእኛ ዘንድ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ መገንጠያ ላይ ሁሉም ይቆማል፣ ፊት ለፊት ይተያያል፣ አውራ ጣት ይነሳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። መዳፍ ወደ ታች ማለት ቀስ፣ ጭንቅላት መንካት ማለት ሰው ወይም ከብት አለ። ስንጀምር ከጓደኞቹ ጋር ሳቅንበት፤ አሁን ደህና የሚሰሙትም ይጠቀሙበታል፣ ምክንያቱም ቁልቁለት ላይ ማንም ማንን አይሰማም።

ሌላው፣ የሳይክሉን በሽታ እኔ ነኝ የምሰማለት። ካቴናው ሲንጫጫ፣ የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን ሲነካ፣ ካላማዳሪው ሲያፈስ እሱ አይሰማም። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት በእጁ ነው የሚፈትሸው፦ ጎማውን ይጫናል፣ ጎማውን በአየር ላይ ያሽከረክርና ጣቱን ፍሬኑ ላይ ያደርጋል፣ ሲነካካ በጣቱ ይታወቀዋል።

ቨርጂኒያ ጫካ | ረቡዕ ጠዋት

የነጂው ሚስት፣ ይህን አሰላለፍ ልሰርቅሽ ነው፣ ፈቀድሽም አልፈቀድሽም።

ስለ መጥፋት ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልሞክር። መሣሪያው ሲነዱ አይወድቅም ማለት ይቻላል። የሚበረው ሄልሜት ሲወልቅ ነው። ደክሞሃል፣ ማሰሪያውን ፈተህ ወደ ላይ ትጎትታለህ፣ ማሰሪያው መስሚያውን አንጠልጥሎ ይወረውረዋል። መጀመሪያ መነጽሩን አውልቅ፤ መነጽር ከማሰሪያው በላይ ነው የሚደረገው፣ በመስሚያውና በማሰሪያው መካከል ከገባ ሦስቱ ይተሻሻሉ። ከዚያ ማሰሪያውን ፈተህ በሁለት እጅ ወደ ጎን ከፈት፣ ከዚያ ሄልሜቱን ወደ ላይ። ከጆሮ በታች ማሰሪያው የሚገናኝበትን ፕላስቲክ ዝቅ አድርገው፣ ጆሮውን በ‹ቪ› ቅርጽ ይክበበው እንጂ አይርገጠው። አገጭ የሚሸፍነውን ሙሉ ሄልሜት የሚያደርግ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሄልሜቱ ይግባ፣ መስሚያው ከዚያ በጣት ይግባ፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት ሄልሜቱ ይገፈዋል።

ከሁለቱ መስሚያ ወደ ሸሚዝ ኮሌታ የሚወርድ ክር ከነመቆንጠጫው ይሸጣል፤ ውድ አይደለም፣ ልጆች ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚደረገው። በላዩ ላይ እንደ ካልሲ የሚለበስ የሚለጠጥ ጨርቅም አለ፤ ላቡንም ንፋሱንም ቀነስ ያደርጋል። እና ቀለም! ሁሉም ሰው እንዳይታይበት ግራጫ ወይም ቡና ዓይነት ይመርጣል፤ ቅጠል ላይ ሲወድቅ ቅጠል ነው የሚመስለው። የእኔ ደማቅ ቀይ ነው። ቢታይ ምን አለበት?

አስፋልት ላይ ለምትወጡ፣ ጋርሚን ቫሪያ የሚባል ከኮርቻ ሥር የሚታሰር ራዳር አለ፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና እስከ 140 ሜትር ድረስ ለይቶ መሪው ላይ ያሳያል። ጫካ ውስጥ አይረባም።

ጭቃሹም | ረቡዕ ማታ

አንድ ነገር አሰብኩ። አሜሪካ ያለች እህቴ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን ርካሹን ልላክልህ ትላለች። ያንን ለጫካ፣ ዋናውን ለቢሮ ባደርግስ?

ጆሮ ጠጋኝ | ረቡዕ ማታ

እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ፣ የመስማት ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። የአንተ ከልጅነት ከሆነና ከዚያ የከበደ ከሆነ ድምፁ አይበቃህም። የምርመራ ወረቀትህ ላይ ያለውን መስመር አይተህ ወስን እንጂ በዋጋ አትወስን። ለጋሽ ካቴና ዓይነት የዕድሜ ጆሮ ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ቢሾፍቱ ላይ | ሐሙስ ጠዋት

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልል ነው። የእኔ አንዱ ጆሮ አልፎ አልፎ ይመግላል። በሞልድ ዘግቼ ላብ ውስጥ ስነዳ የሚብስብኝ ይመስለኛል። ወይስ የእኔ ነገር ነው?

ጆሮ ጠጋኝ | ሐሙስ ጠዋት

የአንተ ነገር አይደለም። የሚመግል ጆሮ አየር ይፈልጋል፤ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ሲዘጋ ይብሳል። ፈሳሽ እያለ በዚያ ጆሮ መስሚያ አታድርግ፣ ከጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በዓይን ታይቶ እንጂ እዚህ በጽሑፍ አይታወቅም። እስኪደርቅ በአንድ ጆሮ የምትነዳ ከሆነ ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት አትችልም። አንጎል አቅጣጫ የሚያውቀው ሁለቱን ጆሮ አወዳድሮ ነው። ቃጭል ከሰማህ «በስተግራ ነው» ብለህ ወደ ቀኝ አትጠምዝዝ፤ ቀጥ ብለህ ፍጥነት ቀንስና ዞረህ እይ።

የጉለሌ ልጅ | ሐሙስ ማታ

እሺ፣ እሺ። ብቻዬን ስወርድ አሁንም አወልቃለሁ፤ ማንም አያሳምነኝም። ከሰው ጋር ስወርድ ግን የተባለውን ፕሮግራም አስገብቼ ልሞክረው። ጭቃሹም፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁስቋም ጋ ከተገናኘን አንተ ከመጨረሻው ሁለተኛ፣ እኔ መጨረሻ። ጋሼም ይምጡ፣ መሪ ይሁኑ፤ እሳቸው ከመሩ ማንም አይፈጥንም።

ጋሽ ካቴና | ሐሙስ ማታ

እመጣለሁ። ቃጭል የሌለው ሰው አብሮኝ አይነዳም፣ ከወዲሁ ይታወቅ።

ጭቃሹም | ሐሙስ ማታ

ቃጭል ነገ እገዛለሁ ጋሼ። ባለሙያው ዘንድ ቀጠሮዬ ለዓርብ ጠዋት ነው፣ ፕሮግራሙን አስገብቼ እመጣለሁ። ትርፍ ባትሪ የያዘ ካለ ይዞልኝ ይምጣ፤ የእኔ ብርቱካናማ ተለጣፊ ያለው ነው፣ 13 ቁጥር።

የጉለሌ ልጅ | ሐሙስ ማታ

የእኔ ቡናማው ነው፣ 312፤ ላንተ አይሆንም። ከሽሮ ሜዳ በታች ካለው ፋርማሲ ስትወርድ ጠይቅ፣ ከሌለ ስድስት ኪሎ አታጣም።